ዳይኖሰር የሚያሰኘው ምንድን ነው?

ክቡራትና ክቡራን እንግዶች፣ ውድ ተማሪዎች፣

ዳይኖሰር ሲባል በሐሳቡ አንድ ግዙፍ፣ ጥርሳም፣ መሬት የሚያንቀጠቅጥ አውሬ የማይመጣበት ሰው ጥቂት ነው። ትንሽ ቆየት ብለን ስናስብ ሌሎችም ይከተላሉ፤ በቆዳ ክንፍ የሚበርረው፣ ረጅም አንገቱን ከባሕር ያወጣው፣ በጀርባው ላይ ሸራ የመሰለ ነገር የዘረጋው። በልጆች የአሻንጉሊት ሳጥን ውስጥ ሁሉም አንድ ላይ ተቀምጠዋል፤ በሳጥኑ ላይ የተጻፈውም አንድ ስም ነው። እኔ ዛሬ የመጣሁት ሳጥኑን ከፍቼ ልለያያቸው ነው። ምክንያቱም ዳይኖሰርነት በትልቅነት፣ በአስፈሪነት ወይም ከምድር በመጥፋት አይለካም። የዝምድና ጉዳይ ነው። ከአንድ ግንድ የወጣ አንድ ትልቅ ቤተሰብ አለ፤ ከዚያ ግንድ የተወለደ ሁሉ እርግብ ቢያክልም ዳይኖሰር ነው፤ ከዚያ ግንድ ያልተወለደ ዓሣ ነባሪ ቢያክልም አይደለም። ይህ ዝምድና የሚነበበው ደግሞ ከሌላ ቦታ ይልቅ ከዳሌ አጥንት ላይ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልኝ።

ስሙ ራሱ የወጣው ከዳሌ ነው ማለት ይቻላል። በ1842 ሪቻርድ ኦወን የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ አካል ሊቅ ሦስት የጠፉ እንስሳትን በአንድ ስም ሰበሰበ። አንደኛው ዊልያም በክላንድ በ1824 ያስተዋወቀው ሥጋ በሉ ሜጋሎሶረስ ነው። ሌሎቹን ሁለቱን፣ ኢጉዋኖዶንን በ1825፣ ሃይሌኦሶረስን በ1833 ለዓለም ያሳወቀው ጊዲየን ማንቴል የተባለ ሐኪም ነበር። ሦስቱም በጥቂት ቁርጥራጭ አጥንቶች ብቻ የሚታወቁ ስለነበሩ ከመጠን በላይ ያደጉ እንሽላሊቶች ይመስሉ ነበር። ኦወን ግን ዳሌያቸውን ተመለከተ። የዛሬዎቹ እንሽላሊቶችና አዞዎች ዳሌያቸውን የሚያሳርፉት በሁለት የአከርካሪ አጥንቶች ላይ ነው። በእነዚያ ሦስት እንስሳት ግን አምስት አጥንቶች እርስ በርስ ተጣብቀው አንድ ጠንካራ ማሰሪያ ሆነዋል። እንዲህ ያለ ዳሌ በደረቱ ለሚሳብ እንስሳ አይገጥምም፤ እግሩን ከሥሩ አቁሞ የሚሄድ እንስሳ ዳሌ ነው። ኦወን በብዙ ነገር ተሳስቷል፤ በዚህ ግን ዓይኑ ትክክለኛው ቦታ ላይ አርፏል።

ይህንን ነገር ጠጋ ብለን እንየው። እንሽላሊት ስትሄድ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ጭኗ ከጎኗ ወደ ውጭ ይዘረጋል፤ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው፤ በየእርምጃዋም ወገቧ ግራና ቀኝ ይጣመማል። በተጣመመች ቁጥር አንደኛው ሳንባዋ ስለሚጨመቅ አብዛኞቹ እንሽላሊቶች እየሮጡ እንደልብ መተንፈስ አይችሉም፤ ሮጥ ብለው የሚቆሙት ለዚህ ነው። የዳይኖሰር እግር እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ከሰውነቱ ሥር ይቆማል። ለዚህም ዳሌው ተለውጧል። የጭን አጥንት ራስ የሚገባበት ጎድጓዳ በእንሽላሊት በኩል ከውስጥ በአጥንት የተዘጋ ነው። በዳይኖሰር ግን ከወዲህ ወዲያ የተበሳ ቀዳዳ ነው፤ ጣት በአንድ ወገን ቢገባ በሌላው ይወጣል። ከቀዳዳው በላይ ወፍራም የአጥንት ከንፈር አለ፤ የጭን አጥንቱ ራስም ወደ ውስጥ ታጥፎ እዚያ ከንፈር ሥር ይገባል። የሰውነቱ ክብደት የሚያርፈው ከላይ ባለው ከንፈር ላይ እንጂ በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ስላልሆነ ግድግዳው አላስፈለገም። የቅሪተ አካል ተመራማሪ አዲስ አጥንት ሲያገኝ ጥርሱን ከማድነቁ በፊት ይህችን ቀዳዳ ይፈልጋል። በጀርባቸው የአጥንት ጋሻ የተሸከሙት አንካይሎሶሮች በኋላ ዘመን ቀዳዳዋን መልሰው ዘግተዋታል፤ በሌላው የአካላቸው ምልክት ሁሉ ግን የቤተሰቡ ልጆች ናቸው።

የኢጉዋኖዶን ታሪክ ከቁራጭ አጥንት መላ እንስሳ መገመት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያሳያል። ማንቴል ካገኛቸው አጥንቶች አንዱ ሹል ነበር፤ ቀንድ መስሎት በአፍንጫው ላይ አስቀመጠው። ለንደን ውስጥ በ1854 ለሕዝብ የታዩት ታላላቅ ሐውልቶችም እንስሳውን ወፍራም፣ ባለ ቀንድና በአራት እግሩ የሚራመድ አድርገው ሠሩት። በ1878 ቤልጂየም ውስጥ በርኒሳር በተባለ ቦታ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች 322 ሜትር ጥልቀት ላይ የአጥንት ክምችት አገኙ። ከ30 በላይ ኢጉዋኖዶኖች፣ ብዙዎቹ አጥንታቸው ሳይበታተን፣ እዚያ ተኝተው ነበር። ሹሉ አጥንት የአፍንጫ ቀንድ አልነበረም፤ የእጅ አውራ ጣት ነበር። ከዚያ በኋላ ማንም ስለ ቀንዱ አልተከራከረም።

አሁን ወደ ዘመኑ። ዳይኖሰሮች የኖሩበት ሜሶዞይክ የሚባለው ታላቅ ዘመን ከ252 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ያበቃል። ሦስት ክፍል አለው፤ ትሪያሲክ፣ ጁራሲክና ክሪቴሺየስ። በሩን የከፈተው ታላቅ እልቂት ነው። በዛሬዋ ሳይቤሪያ የፈነዳ እጅግ ግዙፍ እሳተ ገሞራ አየሩንና ባሕሩን መርዞ አብዛኛውን የባሕር ፍጥረት ጨረሰ። ከዚያ ባዶነት ውስጥ ነው የዛሬ እንግዶቻችን የወጡት። እስካሁን በእርግጠኝነት ከሚታወቁት ቀደምት ዳይኖሰሮች መካከል በአርጀንቲና ኢስቺጓላስቶ በተባለ ስፍራ የተገኙት ኢዮራፕተርና ሄሬራሶረስ ይገኙበታል፤ ዕድሜያቸው ወደ 230 ሚሊዮን ዓመት ነው። ኢዮራፕተር ርዝመቱ አንድ ሜትር ገደማ የሆነ፣ በሁለት እግሩ የሚሮጥ ቀጭን እንስሳ ነበር። በጊዜው ምድሪቱን የገዙት የአዞ የቅርብ ዘመዶች ናቸው። ከ201 ሚሊዮን ዓመት በፊት ሌላ የእሳተ ገሞራ መዓት እነዚያን ገዢዎች አብዛኞቹን ሲያጠፋ ዳይኖሰሮች ሜዳውን ወረሱ። ስለዚህ ቤተሰቡ ወደ ሥልጣን የወጣውም፣ ወደፊት እንደምናየው ከሥልጣን የወረደውም፣ በሌላ ኃይል እጅ ነው።

የዚህን ዘመን ስፋት መጨበጥ ለኔም ይከብደኛል። አንድ ነገር ግን ይረዳል። በጀርባው የአጥንት ሰሌዳዎች የተደረደሩለት ስቴጎሶረስ የኖረው ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ግዙፉ ሥጋ በል ታይራኖሶረስ ሬክስ የኖረው ከ68 እስከ 66 ሚሊዮን ዓመት በፊት። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 80 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። ከታይራኖሶረስ እስከ እኛ ያለው ግን 66 ሚሊዮን ነው። ታይራኖሶረስ ከስቴጎሶረስ ይልቅ ለእኛ ይቀርባል። ሁለቱን በአንድ ሥዕል ላይ ሲታገሉ የሚያሳይ መጽሐፍ ካላችሁ ሥዕሉን ለልጆቻችሁ አርሙላቸው።

ከሳጥኑ ውስጥ በመጀመሪያ የማወጣቸው የባሕሮቹን ነው። ስለእነሱ ሲነሳ ሜሪ አኒንግን ሳይጠቅሱ ማለፍ ነውር ነው። በ1799 በእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ከተማ ላይም ሪጂስ ከድሃ አናጢ ቤት የተወለደች ሴት ናት። ማዕበል ገደሉን ሲንደው የሚወጡትን ቅሪተ አካሎች እየለቀሙ ለጎብኚ መሸጥ የቤተሰቡ መተዳደሪያ ነበር። በ1811 ወንድሟ ጆሴፍ አንድ ረጅም የራስ ቅል አገኘ፤ በማግስቱ ዓመት እሷ የቀረውን አካል አወጣች፤ ገና ልጅ ነበረች። ኢክቲዮሶር ነበር፤ ቅርጹ ከዶልፊን ጋር የሚመሳሰል፣ ዝርያው ግን የተሳቢ እንስሳት የሆነ የባሕር አዳኝ። በ1823 ደግሞ የመጀመሪያውን ሙሉ የፕሊሲዮሶር አጽም አወጣች። አንገቱ እጅግ ከመርዘሙ የተነሳ በዘመኑ የነበረው ታላቁ የፈረንሳይ ሊቅ ዦርዥ ኩቪዬ በመጀመሪያ ተጠራጠረ፤ አጥንቱ ተገጣጥሞ የተሠራ ማጭበርበሪያ መሰለው። ሲመረመር ግን ትክክለኛ ሆኖ ተገኘ። የለንደን የጂኦሎጂ ማኅበር በዚያን ጊዜ ሴት በአባልነት አይቀበልም ነበር፤ እሷ ያወጣቻቸውን አጥንቶች እየገለጹ ስም ያተረፉት ወንዶች ናቸው፤ ስሟንም ብዙ ጊዜ ሳይጠቅሱ። በ1847 ሞተች። ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ኢክቲዮሶሮች ከመሬት ወደ ባሕር ተመልሰው የገቡ ተሳቢ እንስሳት ናቸው። የአንዳንዶቹ ዓይን ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ ስፋት ነበረው፤ በጨለማ ጥልቅ ውኃ ውስጥ ለማደን ነው። ወደ ባሕር ዳር ወጥተው እንቁላል መጣል ስለማይችሉ ልጆቻቸውን በሕይወት ይወልዱ ነበር። ይህን የምናውቀው በግምት አይደለም፤ ጀርመን ውስጥ ሆልትስማደን በተባለ ስፍራ ከተገኙት አጽሞች መካከል ግልገሎቿ በሆዷ ውስጥ ሳሉ የሞተች እናት አለች። ፕሊሲዮሶሮች በአራት ቀዛፊ እግሮች ይዋኙ ነበር። ከእነሱ አንዱ ኢላስሞሶረስ ከ70 በላይ የአንገት አጥንቶች ነበሩት። እኛ ሰባት ነው ያሉን፤ ቀጭኔም ሰባት። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ኮፕ ይህን እንስሳ መጀመሪያ ሲገጣጥም አንገቱን ጅራት አድርጎ ራሱን በሌላው ጫፍ ሰካው። ሦስተኛዎቹ ሞሳሶሮች የእንሽላሊትና የእባብ ዘመዶች ናቸው፤ በክሪቴሺየስ መጨረሻ ባሕሩን ገዝተዋል፤ ትልልቆቹ ከ12 ሜትር ያልፋሉ። ሦስቱም ለየብቻቸው ወደ ባሕር የገቡ፣ የየራሳቸው የዘር ግንድ ያላቸው ናቸው። የተበሳው ዳሌ በአንዳቸውም የለም።

የሚበርሩት ቴሮሶሮች ግን ጉዳያቸው ይለያል። እነሱ ዳይኖሰር ባይሆኑም የዳይኖሰሮች የቅርብ የአጎት ልጆች ናቸው። አጥንት ካላቸው እንስሳት መካከል ክንፉን እያራገበ ለመብረር የመጀመሪያዎቹ እነሱ ነበሩ። ክንፋቸውን የሚዘረጋው አንድ ጣት ብቻ ነው፤ አራተኛው ጣታቸው ከልክ በላይ ረዝሞ ከጫፉ እስከ ጎናቸው የቆዳ ሽፋን ይወጠርበታል። ሰውነታቸው ጸጉር በሚመስል ነገር የተሸፈነ ነበር። ከእነሱ መጨረሻ ላይ የኖረው፣ ቴክሳስ ውስጥ በ1971 የተገኘው ኬትሳልኮአትለስ፣ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 10 ሜትር ገደማ ነበር። ወፎች ግን ከቴሮሶር አልወጡም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

በጀርባው ሸራ የዘረጋው ዳይሜትሮዶን ከሁሉም ይርቃል። የኖረው ዳይኖሰሮች ከመወለዳቸው ብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ነው። የራስ ቅሉን ብታዩ ከዓይኑ ጀርባ አንድ ቀዳዳ ብቻ አለ፤ በዳይኖሰርና በአዞ ሁለት ነው። አንድ ቀዳዳ ያላቸው ቤተሰቦች ኋላ አጥቢ እንስሳትን ያስገኙት ናቸው። ስለዚህ ዳይሜትሮዶን ከማንኛውም ዳይኖሰር ይልቅ የእኔና የእናንተ ዘመድ ነው።

ሳጥኑ ውስጥ የቀሩት ትክክለኞቹ ናቸው። ሃሪ ሲሊ የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ በ1887 እነሱንም በዳሌያቸው ለሁለት ከፈላቸው። የአንደኛው ወገን የታችኛው የዳሌ አጥንት ወደ ፊት ይጠቁማል፤ የሌላው ወደ ኋላ ዞሯል። በመጀመሪያው ወገን ሥጋ በሎቹና ባለ ረጅም አንገት ግዙፎቹ ይገኛሉ፤ በሁለተኛው ኢጉዋኖዶን፣ ስቴጎሶረስ፣ ባለ ሦስት ቀንዱ ትራይሴራቶፕስና ባለ ጋሻዎቹ። በ2017 ይህን ክፍፍል እንደገና ለማደራጀት ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ክርክሩ እስካሁን አልተዘጋም፤ እኔ ግን የሲሊን ነባሩን ክፍፍል እከተላለሁ።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያስደንቁኝ ባለ ረጅም አንገቶቹ ሶሮፖዶች ናቸው። በርሊን በሚገኘው የተፈጥሮ ሙዚየም የቆመው ጂራፋታይታን ከመሬት እስከ ራሱ 13 ሜትር ከ27 ሳንቲ ሜትር ነው። አጥንቱ የመጣው በዛሬዋ ታንዛኒያ ከሚገኘው ተንዳጉሩ ኮረብታ ነው። አገሩ የጀርመን ቅኝ ግዛት በነበረበት ጊዜ፣ ከ1909 እስከ 1913፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ የአካባቢው ሰዎች ቆፍረው፣ በጀርባቸውና በራሳቸው ተሸክመው እስከ ሊንዲ ወደብ ድረስ በእግር አድርሰዋል፤ የተጓጓዘው አጥንት ከ200 ቶን በላይ ነው። ቁፋሮውን በኃላፊነት ከመሩት አንዱ ቦሄቲ ቢን አምራኒ የተባለ አፍሪካዊ ነበር፤ ከዚያው ኮረብታ የተገኘ አንድ ዳይኖሰር በ2007 በስሙ ተጠርቷል። ዘግይቷል፤ ግን ተገቢ ነው።

እንዴት ይህን ያህል አደጉ? መልሱ ከአንድ በላይ ነው። ምግባቸውን አያኝኩም ነበር፤ ቅጠሉን ነጭተው ይውጡታል፤ ስለዚህ ትልቅ መንጋጋና ከባድ ራስ አላስፈለጋቸውም። ራሱ ትንሽ ከሆነ አንገቱ ሊረዝም ይችላል፤ አንገቱ ከረዘመ ደግሞ እንስሳው ባለበት ቆሞ ሰፊ ቦታ ይበላል። የአንገታቸው አጥንቶች ውስጣቸው ባዶ ነበር፤ ከሳንባቸው የወጡ የአየር ከረጢቶች በአጥንቱ ውስጥ ገብተው ክብደቱን ያቃልሉ ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለ አተነፋፈስ ያላቸው ወፎች ብቻ ናቸው። በመጨረሻም እንቁላል ይጥሉ ነበር፤ ያውም ብዙ። አርጀንቲና ውስጥ በ1997 አውካ ማዌቮ በተባለ ስፍራ በሺዎች የሚቆጠሩ የሶሮፖድ እንቁላሎች ተገኝተዋል፤ በአንዳንዶቹ ውስጥ ያልተፈለፈለው ጫጩት ቆዳ ሳይቀር በድንጋይ ላይ ታትሟል። በአሥሮች በሚቆጠሩ ቶኖች የሚመዘነው እንስሳ ሕይወቱን የጀመረው በሁለት እጅ ከሚታቀፍ እንቁላል ነው።

ስለ ታይራኖሶረስ ብዙ ስለሚወራ አጭር ላድርገው። አጥንቱ በቀጭኑ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ በየዓመቱ የሚጨመር የዕድገት ቀለበት አለው። በቺካጎ ሙዚየም የሚገኘው፣ ርዝመቱ ከ12 ሜትር የሚያልፈው ታዋቂው አጽም ሲሞት ዕድሜው 28 ዓመት ገደማ ነበር። በጉርምስናው ዘመን በቀን ሁለት ኪሎ ያህል ይጨምር እንደነበር ተሰልቷል። እንዲህ የሚያድግ አካል ቀዝቃዛና ዝግተኛ ሊሆን አይችልም።

አሁን ስለ አንድ ፍርድ ልንገራችሁ። በ1923 የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ቡድን በሞንጎሊያ ጎቢ በረሃ የእንቁላል ጎጆ አገኘ። በእንቁላሎቹ ላይ አንድ ምንቃር ያለው ጥርስ አልባ ዳይኖሰር ወድቆ ነበር። በአካባቢው በብዛት ይገኝ የነበረው ፕሮቶሴራቶፕስ የተባለ ሌላ ዳይኖሰር ስለሆነ እንቁላሉ የእሱ ነው ተባለ፤ ላዩ ላይ የወደቀው ደግሞ ሊሰርቅ መጥቶ የሞተ ሌባ ነው ተባለ፤ ኦቪራፕተር ተብሎም በእንቁላል ነጣቂነት ተመዘገበ። በ1993 ተመራማሪዎች ወደ ጎቢ ተመልሰው ተመሳሳይ እንቁላል አገኙ፤ ይህኛው ግን ውስጡ ጽንስ ነበረው። ጽንሱ ፕሮቶሴራቶፕስ አልነበረም፤ የዚያው "ሌባ" የቅርብ ዘመድ ነበር። ከዚያም በጎጆው ላይ እንደተቀመጠ የሞተ ሌላ አጽም ተገለጠ። እንቁላሎቹ በክብ ተደርድረዋል፤ እንስሳው በመሐል ቁጭ ብሏል፤ እግሮቹ ከሥሩ ታጥፈዋል፤ ሁለቱ ክንዶቹ ደግሞ ወደ ውጭ ተዘርግተው እንቁላሎቹን ከግራና ከቀኝ ሸፍነዋል። የአሸዋ ናዳ ሲመጣበት ጎጆውን ጥሎ አልሸሸም። ሰባ ዓመት ሌባ ሲባል የኖረው እንቁላል ታቅፎ የሞተ ወላጅ ነበር።

ወፍም እንዲሁ ነው የሚታቀፈው፤ ክንፉን ዘርግቶ። ወደ ትልቁ ነገር የደረስነው እዚህ ላይ ነው። በ1861 ጀርመን ውስጥ ከኖራ ድንጋይ የወጣው አርኪዮፕተሪክስ ላባ ነበረው፤ ጥርስም፣ በክንፉ ላይ ጥፍርም፣ ረጅም የአጥንት ጅራትም ነበረው። እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ቶማስ ሃክስሊ በዚያው በ19ኛው መቶ ዓመት ወፎችና ዳይኖሰሮች ይዛመዳሉ ብሎ ተናግሮ ነበር፤ ሐሳቡ ግን ብዙም ሳይቆይ ተረሳ። በ1964 አሜሪካዊው የቅሪተ አካል ተመራማሪ ጆን ኦስትረም ሞንታና ውስጥ ዳይኖኒከስን አገኘ፤ ፈጣን፣ ቀላል፣ በእግሩ ላይ ማጭድ መሰል ጥፍር ያለው አዳኝ። የእጁን አንጓ ከአርኪዮፕተሪክስ አንጓ ጋር ሲያስተያየው ተመሳሳይ ሆኖ አገኘው፤ እጅን ወደ ጎን የሚያጥፈው፣ ለወፍ ክንፍን ለመሰብሰብ የሚያገለግለው ያው ግማሽ ጨረቃ መሰል አጥንት። በ1996 ደግሞ ቻይና ውስጥ ከልያኦኒንግ ግዛት ሳይኖሶሮፕተሪክስ ወጣ፤ ዕድሜው 125 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ ከራሱ እስከ ጅራቱ ጫፍ በለስላሳ ላባ መሰል ጸጉር ተሸፍኗል። ከዚያ ወዲህ ባለ ላባ ዳይኖሰሮች በተከታታይ ወጥተዋል፤ ከእነሱም አንዱ፣ ዩቲራነስ፣ ዘጠኝ ሜትር የሚረዝም የታይራኖሶረስ ዘመድ ነው። በ2010 በላባው ውስጥ ከቀሩት የቀለም ቅንጣቶች ቅርጽ ተነስተው ተመራማሪዎች የሳይኖሶሮፕተሪክስ ጅራት ቀይ ቡናማና ነጭ ቀለበቶች እንደነበሩት አስረዱ። የአንድ ዳይኖሰርን ቀለም ለማወቅ እንበቃለን ብሎ ያሰበ ሰው በተማሪነቴ ዘመን አልነበረም።

በሚቀጥለው ጊዜ የዶሮ አጥንት ሲቀርብላችሁ ዳሌዋን አጽድታችሁ ተመልከቱ። የጭን አጥንቷ የሚገባበት ጎድጓዳ ከወዲህ ወዲያ የተበሳ ነው። ከደረቷ በላይ ያለችውን ሁለት ቅርንጫፍ ያላትን አጥንት አውጡ፤ እሷም በታይራኖሶረስ ደረት ላይ ነበረች። ወፍ የዳይኖሰር ዘመድ ናት ማለት አንሶ መናገር ነው፤ ወፍ ዳይኖሰር ናት። ሰው አጥቢ እንስሳ እንደሆነ ሁሉ በዚያው ትርጉም። ስለዚህ ዳይኖሰሮች ጠፍተዋል የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከንግግራችን እንድናወጣው እለምናለሁ። ወደ 11,000 የሚጠጉ የወፍ ዝርያዎች ዛሬ በሕይወት አሉ፤ ከአጥቢ እንስሳት ዝርያ ይበልጣሉ።

ታዲያ የቀሩትን ምን ጨረሳቸው? በጣሊያን ጉቢዮ ከተማ አጠገብ በኖራ ድንጋይ መሐል አንዲት ቀጭን የሸክላ ንብር አለች፤ ውፍረቷ ሁለት ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከበታችዋ የክሪቴሺየስ ባሕር ጥቃቅን ፍጥረታት ሞልተዋል፤ ከበላይዋ አብዛኞቹ የሉም። የጂኦሎጂ ባለሙያው ዋልተር አልቫሬዝና አባቱ፣ የኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ ሉዊስ አልቫሬዝ፣ ከኬሚስቶቹ ፍራንክ አሳሮና ሄለን ሚሼል ጋር ሆነው ሸክላውን መረመሩ። ኢሪዲየም የተባለ፣ በምድር ቅርፊት እጅግ ጥቂት፣ በጠፈር አለት ግን በርከት ብሎ የሚገኝ ብረት ከልክ በላይ አገኙበት። በ1980 ግዙፍ የጠፈር አለት ምድርን መትቷል ብለው ጻፉ። ብዙዎች አልተቀበሏቸውም፤ ጉድጓዱ የት አለ ተባለ። ጉድጓዱ በሜክሲኮ ዩካታን ልሳነ ምድር ሥር ተቀብሮ ነበር፤ ነዳጅ ፈላጊዎች ቀድመው ምልክቱን አይተውታል፤ በ1991 በይፋ ተለየ። ቺክሹሉብ ይባላል፤ ስፋቱ ወደ 180 ኪሎ ሜትር፤ የመታው አለት ስፋት ወደ 10 ኪሎ ሜትር ይገመታል።

የገደለው ግን በአመዛኙ ምቱ ራሱ አይደለም፤ ጨለማው ነው። የተነሳው አቧራ፣ ጥላሸትና የሰልፈር ጭጋግ ፀሐይን ጋረደ፤ ዕፅዋት ምግብ መሥራት አቆሙ፤ ዕፅ በሎቹ ተራቡ፤ ከዚያም ዕፅ በል የሚበሉት። ከዝርያዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ ጠፋ። በዛሬዋ ሕንድ ለብዙ መቶ ሺህ ዓመታት ይፈስስ የነበረው እሳተ ገሞራ ድርሻው ምን ያህል እንደነበር አሁንም ያከራክራል፤ እኔ ዋናው ተጠያቂ አለቱ ነው ከሚሉት ጋር ነኝ፤ ምክንያቱም እልቂቱ በትክክል በሸክላዋ ንብር ላይ ይቆማል። ቴሮሶሮች፣ ፕሊሲዮሶሮችና ሞሳሶሮች አብረው አለቁ። ኢክቲዮሶሮች ከዚያ ብዙ ቀደም ብለው ጠፍተው ነበር። አዞ፣ ኤሊ፣ እባብና እንሽላሊት ተረፉ። ወፎችም ቢሆኑ ሁሉም አልተረፉም፤ በዘመኑ በብዛት የነበሩት ባለ ጥርስ ወፎች ጠፍተዋል። ያለፉት ትንንሾቹ፣ በምድር ላይ የሚኖሩትና ምንቃር የነበራቸው ይመስላል። ዛፉ ሁሉ ሲቃጠል መሬት ውስጥ የተቀበረ ዘር ለዓመታት ይቆያል፤ ዘርን ቆፍሮ ለማውጣትና ለመስበር ደግሞ ምንቃር ይመቻል።

ሁልጊዜ የምጠየቀውን ከወዲሁ ልመልስ፤ ከቅሪተ አካል ውስጥ ዘረ መል አውጥቶ ዳይኖሰርን እንደገና ማስነሳት ይቻላል ወይ? አይቻልም። ዘረ መል እንስሳው ከሞተበት ቀን ጀምሮ እየተቆራረጠ ይሄዳል። እስካሁን የተነበበው እጅግ ጥንታዊ ዘረ መል በ2022 ይፋ የሆነው ነው፤ ከግሪንላንድ በረዷማ አፈር የወጣ፣ ዕድሜው ሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ። ከታይራኖሶረስ እስከ ዛሬ ያለው ጊዜ የዚያ ሠላሳ ሦስት እጥፍ ነው። በሙጫ ውስጥ ከታሰረች ነፍሳት የዳይኖሰር ደም ይገኛል የሚለውም ተሞክሮ አልተሳካም። ቆፋሪዎች ግን ሥራ አልፈቱም፤ በየዓመቱ በአሥሮች የሚቆጠሩ አዳዲስ የዳይኖሰር ዝርያዎች ይገለጻሉ። ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይ ከኋላ ያላችሁ ተማሪዎች፣ አሁን እጃችሁን ማንሳት ትችላላችሁ።